ጥበቃው ሳይማር ውሻው አይሠለጥንም

በአዲስ አበባ ዳርቻ ባሉት አዳዲስ ሰፈሮች፣ ከለገጣፎ እስከ ሱሉልታ፣ ከአያት ጀርባ እስከ ኮየ ፈጬና ቱሉ ዲምቱ፣ አጥር ሲታጠርና በር ሲገጠም አብሮ የሚታሰበው ውሻ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የመንገድ መብራት የሌለው ሰፈር ብዙ ነው፤ በግንባታ ላይ ያለ ቤት ብረትና ሲሚንቶ ሌባ ይጠራል፤ ከጨለመ በኋላ ጅብ እስከ ቆሻሻ መጣያው ድረስ ይመጣል። እንዲህ ባለ ቦታ ውሻ ማሳደግ ቅንጦት ስላልሆነ፣ የምጽፈው ውሻ ይኑር አይኑር ብዬ ለመከራከር አይደለም። የምከራከረው እንዴት ይማር በሚለው ላይ ነው። በዱላና በሰንሰለት የሚያድገው ውሻ ራሱ ይሠቃያል፣ የሰፈሩን ልጆች ለአደጋ ያጋልጣል፣ ጠባቂ ፈልጎ ያሳደገውንም ሰው የሚፈልገውን አይሰጠውም።

የተለመደውን አካሄድ አብዛኞቻችን እናውቀዋለን። ቡችላው ከመንገድ ዳር ታቅፈው ከሚሸጡ ወጣቶች ይገዛል፤ ብዙ ጊዜም የእናቱን ጡት ሳይጠግብ ነው። ግቢ ሲደርስ ከበሩ አጠገብ ወይም ከጓሮ በአጭር ሰንሰለት ይታሰራል፤ «ሰው እንዳይለምድ» ተብሎ ከእንግዳና ከጎረቤት ይደበቃል። ኃይለኛ እንዲሆን ከምግቡ ጋር ሚጥሚጣ የሚያበላው አለ፤ ጆሮውን የሚቆርጠው አለ፤ በእንጨት እየነካካ የሚያናድደውማ ስፍር ቁጥር የለውም። ከጥቂት ወራት በኋላ በአጥሩ ሥር ባለፈ ሁሉ ላይ ሲዘልና ሲጮኽ፣ ባለቤቱ ደስ ብሎት ውሻዬ ሠለጠነ ይላል።

ይህ ውሻ ግን የተማረው ፍርሃትን ብቻ ነው። ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ሜይን ግዛት ለብዙ ዓመታት አጥንተው በ1965 ባሳተሙት ሥራ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አንድ ቡችላ ከተወለደ ከሦስተኛው ሳምንት ገደማ እስከ አሥራ ሁለተኛው ወይም አሥራ አራተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ከሰውና ከአካባቢው ጋር በሰላም ካልተዋወቀ፣ ሲያድግ የማያውቀውን ሁሉ እንደሚፈራ አሳይተዋል። እኛ ቡችላውን ከሰው የምንደብቀው በትክክል በእነዚህ ሳምንታት ነው። በፍርሃት ያደገ ውሻ ሌባውን ከመብራት ቆጣሪ አንባቢው፣ ወይም ኳሱ አጥር ዘሎበት ሊያመጣ ከገባው የጎረቤት ልጅ መለየት አይችልም። ሰንሰለቱ በተበጠሰ ቀን የሚነከሰውም አብዛኛውን ጊዜ ሌባው ሳይሆን ልጁ ነው።

ለዚህ አማራጭ የሆነው፣ ትክክለኛውን ድርጊት በሽልማት የሚያስተምረው ሥልጠና ትናንት የመጣ ፋሽን አይደለም። ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ በምግብ መፈጨት ላይ ባደረገው ምርምር በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘ ሲሆን፣ በዚያው ሥራው ላይ ሳለ ከምግብ ቀድሞ የሚሰማ ድምፅ ብቻውን የውሻን ምራቅ እንደሚያመጣ አስተዋለ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤድዋርድ ቶርንዳይክ መልካም ውጤት ያስከተለ ድርጊት እንደሚደገም አሳየ፤ ቢ. ኤፍ. ስኪነር ይህንኑ አስፋፍቶ በቤተ ሙከራ መረመረው፤ ከእሱ ጋር የሠሩት ኬለርና ማሪያን ብሬላንድ ደግሞ በ1940ዎቹ ከቤተ ሙከራ አውጥተው መተዳደሪያ ሙያ አደረጉት። ከእነርሱ በኋላ ካረን ፕራየር በ1960ዎቹ ሃዋይ ውስጥ ዶልፊኖችን ስታሠለጥን ዘዴው ምን ያህል እንደሚያስኬድ በግልጽ ታየ። ዶልፊንን በሰንሰለት ማሰር ወይም በዱላ መምታት አይቻልም፤ ካልፈለገ ዋኝቶ ይሄዳል። ስለዚህ አሠልጣኟ የነበራት መሣሪያ ትክክለኛውን ድርጊት በድምፅ ምልክት ማመልከትና ወዲያው ዓሣ መስጠት ብቻ ነበር።

ይህ የፈረንጅ ነገር ነው፣ ለእኛ አገር አይሆንም ለሚል ሰው ቅርብ ማስረጃ አለ። አፖፖ የተባለው ድርጅት በታንዛኒያዋ ሞሮጎሮ ግዙፍ የአፍሪካ አይጦችን የተቀበረ ፈንጂና የሳንባ ነቀርሳን በማሽተት እንዲለዩ ያሠለጥናል፤ ዘዴውም ትክክል ሲሠሩ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ማሰማትና ምግብ መስጠት ነው። በዚሁ መንገድ የሠለጠኑ አይጦች እዚሁ አዲስ አበባ ከአርማወር ሃንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ጋር በተደረገ ትብብር የአክታ ናሙና አሽትተዋል። አይጥ ያለ አንዳች ዱላ ይህን ያህል ከተማረ፣ ከሰው ጋር ለብዙ ሺህ ዓመታት የኖረ ውሻ በር ላይ ረጋ ብሎ መቆምን እንዴት ያቅተዋል?

ዱላው ስለሚያመጣው ጉዳትም ጥናቶቹ ግልጽ ናቸው። በፖርቱጋል በሚገኙ የሥልጠና ትምህርት ቤቶች የሚማሩ 92 ውሾች ላይ ተካሂዶ በ2020 የታተመ ጥናት፣ በቅጣት የሚሠለጥኑት በሽልማት ከሚሠለጥኑት ይልቅ የጭንቀት ምልክት እንደሚያበዙና ከሥልጠና በኋላ በምራቃቸው ውስጥ ያለው የጭንቀት ሆርሞን እንደሚጨምር አሳይቷል። በዚያው ዓመት የእንግሊዙ ሊንከን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ63 ውሾች ላይ ባደረጉት ንጽጽር፣ በኤሌክትሪክ የሚነዝር የአንገት ማሰሪያ ከሽልማት የተሻለ ውጤት እንደማያመጣ አረጋግጠዋል። ከሁሉ ይበልጥ ለእኛ ሰፈር የሚናገረው ግን በ2009 ከፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ነው። ውሻቸውን መትተው ወይም ረግጠው ከነበሩት ባለቤቶች መካከል 43 በመቶ ያህሉ ውሻው በጠበኝነት እንደመለሰላቸው ተናግረዋል። ዱላ ጠበኝነትን ያበርዳል የሚለውን እምነታችንን ይህ ቁጥር በቀጥታ ይቃረናል።

«ውሻ የበላዩን ካላወቀ ይንቅሃል» የሚለውም አባባል ከተኩላ ጥናት ወደ ውሻ የተወሰደ ሲሆን መነሻው ደካማ ነው። ሩዶልፍ ሼንከል በ1947 ስለ ተኩላዎች የበላይነት ሽኩቻ የጻፈው በእንስሳት ማቆያ ውስጥ በግድ አንድ ላይ የተዘጉትን አይቶ ነበር። ይህንኑ ሐሳብ በ1970 ባሳተመው መጽሐፉ ያስፋፋው ዴቪድ ሜክ ራሱ፣ በካናዳ ጫፍ በኤልስሜር ደሴት የሚኖሩ ተኩላዎችን ለዓመታት ከተከታተለ በኋላ በ1999 የተኩላ መንጋ እናት፣ አባትና ልጆቻቸው የሆነ ቤተሰብ እንጂ የበላይነት የሚታገሉ ባላንጣዎች ስብስብ አለመሆኑን ጽፏል።

በከተማችን ይህን የሽልማት መንገድ የሚከተሉ አሠልጣኞች ጥቂት ቢሆኑም አሉ። አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው፤ ከፊሎቹ የእንስሳት ሐኪሞች ሲሆኑ ሌሎቹ ከኢንተርኔትና ከሥራ የተማሩ ናቸው። ትልቁ ፈተናቸው «ውሻውን ስጡኝ፣ ወስጄ አሠልጥኜ በወሩ እመልሳለሁ» ከሚሉት ጋር መፎካከራቸው ነው። ተወስዶ የሚመለሰው ውሻ በባለቤቱ ፊት ይቀመጣል፣ ይተኛል፣ ይቆማል። በማግስቱ ግን የሚውለው ከጥበቃው ጋር ነው። ጥበቃው ደግሞ ምንም አልተነገረውም፤ የሚያውቀው ድንጋይ ማንሳትን ነው። ሁሉም ነገር ወደነበረበት ይመለሳል፤ ጥፋቱም ውሻው ላይ ይለጠፋል።

የኔ አቋም ዋና ነጥቡ ይህ ነው። በእነዚህ ሰፈሮች የውሻው እውነተኛ አስተማሪ የቤቱ ባለቤት አይደለም። ባለቤቱ ጠዋት በጨለማ ወጥቶ ማታ በጨለማ ይገባል። ምግቡን የሚሰጠው፣ የሚያስረውና የሚፈታው፣ በሩን የሚከፍተው ጥበቃው ነው፤ ከእሱ ቀጥላም የቤት ሠራተኛዋ ናት። በሥራቸው የማደንቃቸው አሠልጣኞች ይህን ስለሚያውቁ ውሻውን ከግቢው ወስደው አያሠለጥኑም። ግቢ ድረስ ይመጡና ጥበቃውን በአክብሮት፣ ዕድሜው ከገፋም ጋሼ ብለው፣ ተማሪያቸው ያደርጉታል። ብዙዎቹ ጥበቃዎች ከገጠር የመጡ፣ ወይፈን ለእርሻ የገሩ፣ በቅሎ ያለመዱ ሰዎች ናቸውና የእንስሳን ዓይንና ጆሮ ማንበብ ከከተሜው ባለቤት በላይ ይችሉበታል። ያጡት የሚያስረዳቸውን ሰው ነው።

የሚማሩት ነገር ከባድ አይደለም። ጥበቃው የውሻውን ምግብ በሙሉ በአንድ ጊዜ ከማፍሰስ ይልቅ ከፊሉን በትንሽ ጣሳ ይይዛል፤ የደረቀ እንጀራም ይሆናል፣ ከሥጋ ቤት የመጣ ሳምባ ተቀቅሎና ተቆራርጦም ይሆናል። (ሳምባና ጉበት በጥሬው መስጠት ውሻውን ለትል፣ በእሱም በኩል ሰውን በጉበትና በሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ እባጭ ለሚያመጣ በሽታ ስለሚያጋልጥ፣ መቀቀሉ መዘንጋት የለበትም።) መጀመሪያ ምንም ሳይጠይቅ «ጎሽ» ይልና ወዲያው አንድ ቁራሽ ይሰጣል። ይህ ሲደጋገም ውሻው ቃሉን በሰማ ቁጥር ዞር ማለት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ሲጠራ ሲመጣ፣ በሩ ሲከፈት ሳይዘል ሲቆም፣ ሰው አልፎ ዝም ሲል፣ ያኔውኑ «ጎሽ»ና ቁራሹ ይከተላሉ። ጥቂት ሰከንድ ከዘገየ ውሻው የተሸለመበትን ነገር አያውቀውም፤ ስለዚህ ከልፋቱ ይልቅ ፍጥነቱ ነው የሚያስፈልገው።

ልጆችን የሚፈራ ውሻም የሚታከመው በዚሁ ነው። ልጆቹን እያየ ግን ገና ሳይጮኽ የሚቆይበት ርቀት ይፈለጋል፤ እዚያ ላይ ልጅ በታየ ቁጥር ጥሩ ነገር ይሰጠዋል፤ ርቀቱ በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ ይጠባል። ውሻው ካጉረመረመ ችኮላ ነበረ ማለት ነውና ወደኋላ ይመለሳሉ። በማጉረምረሙ ግን መመታት የለበትም፤ ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው፣ በዱላ ያጠፉት ሰው ቀጥሎ የሚያገኘው ሳያስጠነቅቅ የሚነክስ ውሻ ነው። አጭሩን ሰንሰለትም በተወጠረ ሽቦ ላይ በሚንሸራተት ረጅም ማሰሪያ፣ ቢቻል ደግሞ በታጠረ ማዕዘን መተካት ያስፈልጋል፤ በአጭር ታስሮ የሚውል እንስሳ መሸሽ ስለማይችል መናከስን ይመርጣል።

በእጅ የበላ ውሻ ይለሰልሳል፣ ሌባውንም ይላመዳል የሚል ስጋት አለ፤ ስጋቱን አልንቀውም፣ የተመረዘ ሥጋ በአጥር የሚወረውር ሌባ መኖሩን ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን ውሻ እንግዳ ኮቴ ሲሰማ መጮኹ በተፈጥሮው ያለ ነው፤ ማንም በጭካኔ አላስተማረውም። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የተባለውም ይህ ስለታየ ነው። የተመረዘውን ሥጋ በተመለከተ ደግሞ፣ በረሃብ የሚውለው ውሻ ከመሬት ያገኘውን ሁሉ ሲውጥ፣ በሚገባ የሚመገበውን ከመሬት ላለማንሳት ማለማመድ ይቻላል። ይህ ልምምድ ረጅም ጊዜ ይወስዳል፣ ሙሉ ዋስትናም አይደለም፤ የተራበው ውሻ ግን ይህም የለውም።

ሌላው ጉዳይ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በዓለም በየዓመቱ ወደ 59,000 የሚጠጋ ሕዝብ በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል፤ ኢትዮጵያም ክፉኛ ከተጠቁት አገሮች አንዷ ናት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ ሥርጭቱ ይገታል። ሆኖም ማንም ሊይዘው የማይችል ውሻ እንዴት ይከተባል? የክትባት ዘመቻ ሲመጣ ባለቤቶቹ «የኛ አይያዝም» እያሉ በራቸውን ይዘጋሉ። አንገቱን ሲነኩት፣ አፉን ሲያስሩትና ሲወጉት ሽልማት እየተሰጠው የተለማመደ ውሻ ግን በደቂቃ ውስጥ ተከትቦ ይሄዳል። ስለ ርኅራኄ ብቻ የሚወራ የሚመስላቸው ሰዎች ይህን ቢያስቡት እወዳለሁ።

አሠልጣኝ ለመቅጠር የሚያስብ ሰው አሜሪካዊቷ አሠልጣኝ ጂን ዶናልድሰን የምትመክራቸውን ጥያቄዎች ቢጠይቅ ይጠቀማል። ውሻዬ ትክክል ሲሠራ ምን ታደርገዋለህ? ሲሳሳትስ ምን ይደርስበታል? ከዚህ የቀለለ መንገድ የለም ወይ? ሁለተኛውን ጥያቄ ሸፋፍኖ ለሚያልፍ ሰው ውሻ አይሰጥም። የአሜሪካ የእንስሳት ባሕርይ ሐኪሞች ማኅበር በ2021 ባወጣው አቋም ለማንኛውም ውሻ፣ ለጠበኛውም ጭምር፣ በሽልማት ላይ የቆመ ሥልጠናን ብቻ ይመክራል፤ ስለዚህ «ይኼ ውሻ ለየት ያለ ነው» የሚለው ምክንያት አያሳምንም።

እኔ በበኩሌ አራተኛ ጥያቄ እጨምራለሁ፤ ጥበቃዬን ታስተምርልኛለህ ወይ? አሠልጣኙ እሺ ካለ ባለቤቱም ድርሻ አለው። ለውሻው የሚውለውን ሰዓት በጥበቃው ሥራ ውስጥ ቆጥሮ በደመወዙ ላይ ሊጨምርለት ይገባል፤ ያለ ክፍያ የተጫነ ተጨማሪ ሥራ በዱላ አቋራጭ መፈለጉ አይቀርምና። የጥበቃ ሠራተኛ የሚያቀርቡ ድርጅቶችም ቅጥረኞቻቸውን ሲያሠማሩ ስለ በርና ስለ መዝገብ እንደሚያስረዷቸው ሁሉ ስለ ውሻ አያያዝ የግማሽ ቀን ትምህርት ቢጨምሩ ወጪው ትንሽ ነው። አስተማሪ ፍለጋም ሩቅ መሄድ አያሻም፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ቢሾፍቱ ነው፤ ተማሪዎቹ ከወጣቶቹ አሠልጣኞች ጋር ሆነው ከክትባት ዘመቻው ጎን ለጎን በየሰፈሩ ለጥበቃዎች ቢያሳዩ፣ ሥራው ከኮየ ፈጬ ወይም ከለገጣፎ ሊጀመር ይችላል።