ሰርቪስ

አዲስ አበባ ውስጥ በደላላ በኩል የሚከራይ ቤት የፈለገ ሰው በመጀመሪያ የሚጠየቀው «ዋናው ቤት ነው ወይስ ሰርቪስ?» ተብሎ ነው። ደላላው የደንበኛውን ጫማ አይቶ መልሱን አስቀድሞ ስለሚያውቀው ግን ገና እየጠየቀ ወደ ጓሮ ማቅናት ይጀምራል።

ሰርቪስ ከአጥር ጋር ተጣብቆ የሚሠራ፣ ለወጥ ቤት፣ ለዕቃ ማስቀመጫ፣ ለዘበኛና ለሠራተኛ ማደሪያ የታሰበ የክፍሎች ተርታ ነበር። ኪራይ ሲወደድ ባለቤቶቹ ዘበኛውን አሰናብተው ውሻ ገዙ፤ ምጣድ ይጣድበት የነበረውንም ክፍል ቀለም ቀብተው ለአዲስ ተጋቢ የመንግሥት ሠራተኞች አከራዩት። ጥላሸቱ ክረምት በገባ ቁጥር ከቀለሙ ሥር ብቅ ይላል። ስሙ አገልግሎት ይሁን እንጂ በሰርቪስ ውስጥ የሚያገለግለው ተከራዩ ነው፤ ግቢውን በተራ ይጠርጋል፣ ውኃ በመጣበት ሌሊት ተነሥቶ በቅድሚያ የአከራዩዋን በርሜል ይሞላል፣ እንግዳ ሲመጣበትም ያስፈቅዳል።

«እትዬ፣ ዛሬ ወንድሜ ቢያድር ብዬ ነበር።»

«ባለፈው ሳምንትስ አድሮ አልነበር? ሽንት ቤቱ እኮ ገና ትናንት ነው የተመጠጠው!»

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ደንግጓል፤ የወንድም ማደር ጉዳይ ግን ዛሬም በእትዬ ሥልጣን ሥር ነው።

ይኸው ተከራይ ጠዋት ከሰርቪስ ወጥቶ ወደ ሰርቪስ ይሮጣል፤ የመንግሥት ሠራተኞችን በነጻ የሚያመላልሰው አውቶቡስም ስሙ ሰርቪስ ነውና። እዚያ እቁብ ይጣላል፣ ዳንቴል ይሠራል፣ የአለቃ ሐሜት ይጠራቀማል። መቀመጫው በልማድ የተያዘ ስለሆነ፣ መስኮት ዳር ዓመታት ባስቆጠሩ ወይዘሮ ቦታ ላይ የተቀመጠ አዲስ ገብ ሠራተኛ እስከ መሥሪያ ቤቱ ድረስ በግልምጫ ይሸኛል። «ታክሲ አጣሁ» ያለውን የሚቆጣ አለቃ እንኳ «ሰርቪስ አመለጠኝ» ያለውን ያዝንለታል። የእርሱም መኪና ዘይትና ፊልትሮ ልትቀይር ሰርቪስ ገብታለች።

ደመወዝ የወጣ ዕለት ባልና ሚስቱ ሆቴል ገብተው ተጋበዙ። ሒሳቡ ሲመጣ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ፣ በላዩም 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ተደምሮበታል። ባልየው ወረቀቱን ደጋግሞ ካነበበ በኋላ አስተናጋጁን ጠርቶ፣ «ወንድሜ፣ ይህ የየትኛው ሰርቪስ ነው? የቤቱን ለእትዬ ዛሬ ጠዋት ከፍያለሁ» አለው።