ውሃ የማትጠጣው ሙልሙል

ድሬዳዋ ላይ መኪና ቆሞበት ብቻውን የቀረ ሰው የለም። ሞተሩ ጸጥ ካለ በኋላ እስከ ሃያ ቁጠሩ። ሃያ ሳይሞላ አንድ ሰው ጀሪካን አንጠልጥሎ ይመጣል።

ከልምዴ ነው የምናገረው። ከዚራ ጥላ ስር ቆሜ አውቃለሁ። ቀፊራ ገበያ አፍ ላይ፣ በሽንኩርት ጋሪና በፍየል መሀል ቆሜ አውቃለሁ። ደቻቱ ድልድይ ላይ የቆምኩ ቀን ደግሞ ከኋላዬ የተሰለፈው ባጃጅ ሁሉ ጥሩምባውን ለኔ ለብቻዬ ነፍቶልኛል። ቦታው ይለያያል እንጂ ንግግሩ አንድ ነው።

«አቦ፣ ውሃ ጨምርባት!»

«ራዲያተር የላትም።»

«የላትም ማለት?»

«በቃ፣ የላትም።»

«ሸጥከው?»

መኪናዋ አሮጌ የቮልስ ኮምቢ ናት። ከነአልጋዋ፣ ከነመጋረጃዋ፣ ከነእቃ ማጠቢያዋ። አጎቴ አገር ሊለቅ ከተነሳ ፈረንጅ ገዛት። ሁለት ዓመት ከመኪናዋ ጋር ተጨቃጨቀ። ከዚያ «ላንተ ትሁን» ብሎ እየሳቀ ቁልፉን ሰጠኝ። የሳቀበት ምክንያት ያኔ አልገባኝም ነበር።

የሰፈር ልጆች ሙልሙል ይሏታል፤ ቅርጿ የቡሄ ዳቦ ነው። አልተሳሳቱም። ሐሳቡን ያመነጨው ቤን ፖን የተባለ የሆላንድ መኪና አስመጪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ማስታወሻ ደብተሩ ላይ የጫራት ስዕል ጎማ የተገጠመለት ዳቦ ነው የምትመስለው። ሦስት ዓመት ቆይቶ ዳቦው ከፋብሪካ መውጣት ጀመረ።

ሞተሯ ከኋላ ነው። አራት ሲሊንደር፣ ሁለቱ በግራ፣ ሁለቱ በቀኝ ተጋድመዋል። የሚያቀዘቅዛት ዲናሞው ጫፍ ላይ የተገጠመ ቬንትሌተር ነው። አየር ይስብና በላሜራ ሽፋኖች ውስጥ እየገፋ ሲሊንደሮቹ ላይ ያሳልፈዋል። የቀረውን ሙቀት ሁለት ሊትር ተኩል ዘይት ተሸክሞት ይዞራል። ነገሩ ይኸው ነው። እኔ ግን ይህን ለማስረዳት ያጠፋሁት ጊዜ አንድ ዲግሪ ያስጨርስ ነበር።

«አየር ነው የሚያቀዘቅዛት» ስላቸው ሰዎች ቀና ብለው የድሬን ሰማይ ያያሉ። ከዚያ እኔን ያያሉ።

«የቱ አየር?»

እውነታቸውን ነው። በግንቦት የድሬ አየር ራሱ የሚያቀዘቅዘው ይፈልጋል።

ዋናው ተከራካሪዬ ግን ጎረቤቴ ናቸው። ከምድር ባቡር በጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ። ስማቸውን አልጠራም፤ ከጠራሁ ጀሪካን ይዘው ይመጣሉ። አባታቸው በእንፋሎቱ ዘመን ለባቡር ውሃ ያጠጡ ነበር። እንግዲህ ፍረዱኝ። ድሬዳዋ ራሷ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ የሐረርን ተራራ መውጣት ከብዶት ከታች በኩል ሲመጣ የበቀለች ከተማ ናት። ውሃ የሚጠጣ ብረት ለቆረቆራት ከተማ ሽማግሌ «ሞተር ውሃ አይፈልግም» ማለት፣ ለቄስ «ጸበል ይቅር» እንደማለት ነው።

«ልጄ፣ የማይጠጣ ነገር አይሰራም» ይሉኛል። «ግመል እንኳ ይጠጣል። ቀን ይቆጥራል እንጂ።»

አንድ ጊዜ ጋራዥ አስገባኋት። የቱ ጋራዥ እንደሆነ ይቅር። መካኒኩ ወጣት ነው፣ እጁ ፈጣን ነው፣ የሚጠራጠረው ነገር የለም። በሦስተኛው ቀን ቁልፉን ከአንድ ጥቁር ፌስታል ጋር አስረከበኝ። ፌስታሉ ይከብዳል። ውስጡ ይንቃጨላል።

«ይሄ ምንድነው?»

«ትርፍ ላሜራ ነው። አየር ከልክሏት ነበር፣ አነሳሁላት። አሁን አብሽር፣ እንደልቧ ትተነፍሳለች።»

አመስግኜ ከፈልኩ። ጥፋቱ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ነገሩ ለጆሮ ትክክል ይመስላል። ላሜራውና ዙሪያውን ያለው ጎማ ግን አየሩን ወደ ሲሊንደሩ የሚመሩት፣ ከስር የሚመጣውን ትኩስ አየር ደግሞ የሚያግዱት እነሱ ናቸው። እነሱ ከተነሱ ቬንትሌተሩ ለመንደሩ ሁሉ ይነፋል፣ ሞተሩ ደግሞ የራሱን ትኩሳት መልሶ ይምጋል። ግድግዳና ጣሪያ አፍርሶ «ቤቱን ነፋሻ አደረግኩልህ» እንደማለት ነው። በሳምንቱ ዘይቱ እንደ ሻይ ቀጠነ። ላሜራዎቹን አንድ በአንድ ለመመለስ ወር ፈጀብኝ። የት እንደሚገባ እስከ ዛሬ ያላወቅኩት አንድ ቁራጭ ተርፏል። እናቴ የከሰል ማራገቢያ አድርጋዋለች። አሁንም ስራው አየር ላይ ነው።

ስለ ሦስተኛው ሲሊንደር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በኔዋ ዓይነት ሞተር የዘይት ማቀዝቀዣው ቬንትሌተሩ ቤት ውስጥ፣ ልክ እሱ ፊት ተገትሯል። ስለዚህ ሌሎቹ ንጹህ አየር ሲያገኙ እሱ የሌላውን ትራፊ ነው የሚተነፍሰው። ከሁሉም በላይ የሚግለው እሱ ነው፤ ቫልቩ ቀድሞ የሚቃጠለውም የእሱ ነው። በኋላ የመጡት ሞተሮች ላይ ማቀዝቀዣውን ገለል አድርገውለታል። እኔ የቤታችን ሦስተኛ ልጅ ነኝ። የሁለቱ ታላላቆቼ ልብስ ሲያጥር ነበር ለኔ የሚደርሰኝ። ሦስተኛው ሲሊንደር ሲያጉረመርም በደንብ እንግባባለን።

ቫልቭ ማስተካከል ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ክፍተቱ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። ሞተሩ ግን ፍጹም መቀዝቀዝ አለበት። ድሬ ላይ ብረት መቼ ነው የሚቀዘቅዘው? ከሌሊቱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ። ስለዚህ ከመስጊዱ አዛን፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅዳሴ ሲሰማ እኔ ካርቶን አንጥፌ ሙልሙሏ ስር ነኝ። አስራ ሦስት ቁልፍና ካቻቢቴ ይዣለሁ። የባትሪ መብራቱን በጥርሴ ነክሻለሁ። ሰው ሁሉ ወደየአምልኮው ሲያልፍ የኔን ሁለት እግሮች ያያል። እናቴ «የሰው ልጅ ለጸሎት ይነሳል፣ የኔው ለቮልስ» ትላለች።

አንድ ሌሊት መለኪያው ጠፋብኝ። ጋሼ ነጠላቸውን አጣፍተው ለኪዳን ሲወጡ አጎንብሰው አዩኝ።

«ውሃ ፈሰሳት እንዴ?»

«አይ ጋሼ፣ መለኪያ ጠፍቶብኝ ነው።»

«እኛ በምላጭ ነበር የምንለካው» አሉና ተመልሰው አንድ ምላጭ አመጡልኝ። አያድርስ ነው፣ እውቀት አላቸው። የድሮ ምላጭ ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ነው። ማለትም የምፈልገው አንድ ምላጭ ተኩል ነው። ግማሹን ከየት እንደማመጣ ብጠይቃቸው «እሱን በእጅህ ታውቀዋለህ» ብለው ሄዱ። እኔም በእጄ አወቅኩት። ትንሽ ላላ አድርጌ ተውኩት። ይህ ሞተር ቢያንኳኳ ይሻላል፤ ቫልቩ ጠብቆ ዝም ካለ ውስጥ ውስጡን እየነደደ ነው።

ከስምንት ሰዓት በኋላ መካኒክ መፈለግ ዋጋ የለውም። በርጫ ላይ ነው። ሄጄ እዚያው ካገኘሁት ግን የሙልሙሏ ችግር በሙሉ ይፈታል። መጀመሪያ ካርቡራተሯ ይታደሳል። አስር ሰዓት ሲሆን ሞተሯ ተቀይሮ የቶዮታ ይገባላታል። አስራ አንድ ላይ ምርቃናው ሲደራ ጣሪያዋ ላይ ሶላር ተገጥሞ ጅቡቲ ደርሳ ትመለሳለች። ወጪውም ተሰልቷል፣ ከአንድ ባጃጅ ጎማ አይበልጥም። በማግስቱ ጠዋት ያንኑ ሰው ሳገኘው ያቺን መኪና የት እንዳያት ለማስታወስ ይቸገራል።

ጋሼ እንዳይሰሙብኝ የምደብቀው አንድ ወሬ አለ። ብራዚል ውስጥ ይህችን መኪና እስከ 2013 እ.ኤ.አ. ድረስ ያመርቷት ነበር። በመጨረሻዎቹ ስምንት ዓመታት ግን በአየሩ ተስፋ ቆርጠው ራዲያተር ገጠሙላት። አዎ፣ ውሃ አጠጧት። ይህን ጋሼ ቢሰሙ ሰፈር መልቀቄ ነው።

እኔም የምመልስበት ነገር አለኝ። የዚህ ሞተር አካል ማግኒዥየም የበዛበት ቅይጥ ነው። የቤንዚን ጎማው አርጅቶ ቢያንጠባጥብና እሳት ቢነሳ፣ ብረቱ ራሱ ይነድዳል። ያኔ ውሃ መድፋት ማባባስ ነው። ስለዚህ ጎማውን ሳይሰነጠቅ እቀይራለሁ፣ ከወንበሬ ስርም የእሳት ማጥፊያ አይጠፋም። የምፈራው ግን እሳቱን አይደለም። እሳቱን አይቶ ጀሪካን ይዞ የሚሮጠውን የድሬን ደግ ሕዝብ ነው።

እንግዲህ የአክስቴ ልጅ ሐረር ላይ ተሞሸረች። ሰርጉ ቅዳሜ ነው። እናቴ፣ አክስቴ፣ ሁለት የአጎቴ ልጆችና ጋሼ ተጫኑ። አልጋው ላይ አንድ ትልቅ ድፎ ዳቦ ተኝቷል። ሙልሙል ውስጥ ድፎ።

ከድሬ ሐረር ሃምሳ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መከራው ያለው መጀመሪያው ላይ ነው። ከ1,200 ሜትር አካባቢ ተነስተህ በደንገጎ ጠመዝማዛ ወደ 2,000 ሜትር ትወጣለህ። በሁለተኛ ማርሽ ያዝኳት። ሞተሯ ጮኸች።

«ኧረ ልጄ፣ ማርሽ ቀይርላት! ምን አድርጋህ ነው?» አለች አክስቴ።

ቬንትሌተሩ የሚዞረው በሞተሩ ቺንጋ ነው። ሞተሩ ሲፈጥን ንፋሱም ይበረታል። በከባድ ማርሽ እያቃሰተች ከወጣች ሙቀቱ ይበዛል፣ ንፋሱ ይደክማል። መጮኋ ለጤናዋ ነው። ይህን ለአክስቴ አስረዳኋት። አክስቴ መቁጠሪያዋን አወጣች። ጫት የጫነ አይሱዙ ከላይ እየበረረ ሲያልፈን እናቴም አማተበች።

ደንገጎ አናት ላይ በሰላም ደረስን። አክስቴ «ድንች ልግዛ» ብላ አስቆመችን። ሞተር አጠፋሁ። ስህተቴ ይህ ነው። የጋለ ሞተር ሲጠፋ ቬንትሌተሩም አብሮ ይቆማል፣ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ወደ ላይ ይመጣል፣ ቤንዚኑ ካርቡራተር ሳይደርስ ቱቦው ውስጥ ይተናል። ፓምፑ ያንን እንፋሎት ቢስበው ቢስበው ጠብ የሚል ነገር የለም። የአክስቴ ድንች ክርክር ሩብ ሰዓት ፈጀ። ተመልሳ ስትገባ ቁልፉን አዞርኩ። ቺርርር። ደገምኩ። ቺርርር።

እስከ ሃያ መቁጠር ጀመርኩ። ስድስት ላይ ጋሼ ከአልጋው ስር ቢጫ ጀሪካን ጎትተው አወጡ። ከድሬ ጀምሮ ደብቀው ይዘውት መጥተዋል። ሃያ ሊትር፣ ሙሉ።

አሁን የሚያሳፍረውን ልናገር። ቤንዚን እንዲህ ሲተን መፍትሔው ሁለት ነው። ወይ ሞተሩ እስኪበርድ መጠበቅ ነው፣ ወይ ጨርቅ አርጥቦ የቤንዚን ፓምፑ ላይ መጠቅለል። ሙሽራዋ ደግሞ አትጠብቅም።

«ጋሼ» አልኩ፣ መሬት መሬቱን እያየሁ። «ትንሽ ውሃ ይሰጡኛል?»

ምንም አላሉም። ምነው አንድ ነገር በተናገሩ። ጨርቁን አርጥበው ሰጡኝና እኔ ከኋላ አጎንብሼ ፓምፑ ላይ ስጠቀልል እሳቸው በመኪናዋ ጎን መዞር ጀመሩ። ያቺ የተባረከች መኪና እቃ ማጠቢያ አላት ብያችኋለሁ። እቃ ማጠቢያው የውሃ ጋን አለው። ጋኑ ደግሞ በጎኗ በኩል ትንሽ ክዳን አለው። ጋሼ ክዳኑን አገኙት። ከፈቱት። አሸተቱት። ከዚያ ጀሪካኑን አንስተው ግልግል፣ ግልግል፣ ግልግል፣ ጠብታ ሳያስቀሩ ገለበጡባት።

«አስነሳ!» አሉ።

በዚያው ቅጽበት ፓምፑ በርዶ ነበር። በግማሽ ዙር ተነሳች። የድንች ሻጮቹ አጨበጨቡ።

እስከ ሐረር የተነገረው ወሬ አንድ ብቻ ነው። ሀረማያንም አወዳይንም ያየ ሰው የለም። ጀጎል ገብተን መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ስናልፍ፣ ስሙን ባወጡለት የልብስ ስፌት መኪኖች መሀል የሙልሙሏ ቫልቭ እንደ አንዷ ሆኖ ተንጫጫ። ጋሼ ግን ሞተሩን አልሰሙም። ለአጎቴ ልጆች የሚያስረዱት ነበራቸው።

ሰርጉ ቤት ስንደርስ እናቴ ድፎውን ከማውጣቷ በፊት እጇን ልትታጠብ የእቃ ማጠቢያውን ቧንቧ ገፋ ገፋ አደረገችው። ውሃው ወረደ። ከጠዋት ጀምሮ ቢጫ ጀሪካን ውስጥ ከጋለ ሞተር አጠገብ የተጓዘ ውሃ ነው።

«ውይ፣ ሞቋል!» አለች።

ጋሼ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ቀስ ብለው ወደኔ ዞሩ።

«ታዲያ ሙቀቱን ከየት ያመጣው መሰለህ?»