ለማርስደን ፖይንት የሚለቀሰው ያለ ቦታው ነው

ኒውዚላንድ ብቸኛ የነዳጅ ማጣሪያዋን ማርስደን ፖይንትን በ2022 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ዘግታ ግቢውን የተጣራ ነዳጅ ማራገፊያ ካደረገችው ወዲህ «ይከፈት» የሚለው ክርክር አልበረደም። ባሕር የከበባት አገር ነዳጇን ራሷ ታጣራ ነው ሙግቱ። ሲሰሙት ያሳምናል።

ነገር ግን በ1964 ሥራ የጀመረው ይህ ማጣሪያ የሚያጣራው ድፍድፍ (ያልተጣራ) ነዳጅ በአብዛኛው ከባሕር ማዶ በመርከብ ነበር የሚመጣው። አገሪቱ በታራናኪ ክልል የራሷ ድፍድፍ አላት። እሱ ግን ቀላልና ድኝ ያነሰበት ነው። ማጣሪያው የተሠራው ድኝ ለበዛበት ከባድ ድፍድፍ ስለሆነ፣ ቀላሉን ቢሰጡት ከባዱን ክፍል ሰባብሮ ናፍጣና የአውሮፕላን ነዳጅ የሚያወጣው ውድ መሣሪያ በቂ ሥራ አያገኝም። ስለዚህ የታራናኪው በብዛት ወደ ውጭ ይሸጣል፣ ለማጣሪያው ደግሞ ሌላ ይገዛለት ነበር። የባሕር መንገዱ ቢዘጋ ማጣሪያውም ተከትሎ መቆሙ አይቀርም ነበር። የአሰብን ማጣሪያ ለሚያስታውስ አንባቢ ይህ እንግዳ አይደለም፤ አሰብም ድፍድፉ በመርከብ ነበር የሚመጣለት።

ዋናው ድክመት ማጣሪያው ሳይዘጋም ታይቷል። ከማርስደን ፖይንት እስከ ትልቋ ከተማ ኦክላንድ፣ ዊሪ እስከተባለው የነዳጅ ዴፖ 170 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘረጋ አንድ ቧንቧ አለ። ቤንዚን፣ ናፍጣና የአውሮፕላን ነዳጅ ተራ በተራ በዚያው ቧንቧ ይሄዳሉ፤ ሁለት ዓይነት ነዳጅ በሚገናኙበት ላይ የተቀላቀለው ተለይቶ ይወጣል። መስከረም 2017 ላይ ቧንቧው ፈነዳ። ምክንያቱ የቁፋሮ ማሽን ቀደም ሲል የፋቀው ቦታ ነበር፤ ማሽኑ ረግረግ ውስጥ የተቀበረ ካውሪ የተባለ ዛፍ ግንድ ፍለጋ ላይ እያለ ነው የፋቀው። ፋቅታው ያን ዕለት ቧንቧውን አልበሳውም፤ ብረቱን አሳስቶ ተወው፣ ግፊቱ በኋላ ጨረሰው። የኦክላንድ ኤርፖርት አየር መንገዶች ከወትሮው 30 በመቶ ብቻ እንዲቀዱ ተደረገ። ማጣሪያው ራሱ ግን ምንም አልሆነም ነበር። ቤንዚንና ናፍጣ ከሌላ ወደብ በቦቴ ሊመጡ ይችላሉ። የአውሮፕላን ነዳጅ ግን ቤንዚን ሲያመላልስ በከረመ ቦቴ አይጫንም፤ ቧንቧው ከተጠገነ በኋላም ነዳጁ ማጠራቀሚያ ጋን ውስጥ ረግቶ፣ ውኃና ቆሻሻው ተፈትሾ ካላለፈ አይቀዳም።

ማጣሪያው መዘጋቱ ያሳጣው ነገር የለም ማለቴ አይደለም። ታኅሣሥ 2022 አንድ የአውሮፕላን ነዳጅ ጭነት ፍተሻውን ሳያልፍ ቀረና እንደገና ቁጠባ ታወጀ። ማጣሪያ ቢኖር ከደረጃ የወጣ ነዳጅ ተመልሶ ሊጣራ ወይም ከሌላ ጋር ሊደባለቅ ይችላል፤ ማራገፊያ ብቻ ሲሆን ያለው አማራጭ ሌላ መርከብ መጠበቅ ነው። ለለስላሳና ለቢራ የሚውለው ካርቦን ዳይኦክሳይድም ከማርስደን ፖይንት ይገኝ ነበር። እሱ ሲዘጋ የአገር ውስጥ ምንጩ ካፑኒ የተባለው የጋዝ ማጣሪያ ብቻ ቀረ፤ ካፑኒም በዚያው ሰሞን ሲቆም ጠማቂዎች ጋዝ አጡ።

ይህ ሁሉ የሚፈታው ግን በማጠራቀሚያ ጋኖች ነው፣ ቢሊዮኖች በሚበላ ማጣሪያ አይደለም። ከጥር 2025 ጀምሮ አስመጪዎች ቢያንስ የ28 ቀን ቤንዚን፣ የ24 ቀን የአውሮፕላን ነዳጅ፣ የ21 ቀን ናፍጣ እንዲይዙ ሕግ ያስገድዳል። ጥሩ ጅምር ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን ተገልብጧል። ቤንዚን ቢጠፋ ሰው ቤቱ ይውላል። ናፍጣ ቢጠፋ የወተት መኪና፣ ትራክተርና የሆስፒታል ጄኔሬተር ይቆማሉ። የቀን ቁጥሩ ብቻውንም ያታልላል። ከጋኑ መምጠጫ ቧንቧ በታች የሚቀረው ነዳጅ አይወጣም፤ ገና የላቦራቶሪ ፍተሻ ያላለፈ ጭነትም አይቀዳም። ኤርፖርቱ አጠገብ ቢያንስ አንድ ጋን ሲሞላ፣ ሌላው ሲረጋ፣ ሦስተኛው ሲቀዳ የሚያዞር አቅም ከሌለ፣ ማርስደን ፖይንት ላይ የተከማቸው በአንዲት ቧንቧ ማዶ የቀረ ነው።