ዶክተራችን ስንት ደረሱ?

የአገር ልጅ ሲከብር አብሮ አለመደሰት ምቀኝነት ነው፤ እኔ ደግሞ በምቀኝነት አልታማም። ባለፈው እሑድ ከቢቸና ወጣ ብሎ በሚገኘው መንደራችን ለፖሊመር (ለነጎማና ለነፕላስቲክ ዓይነቱ ነገር) ተመራማሪው ዶክተራችን በተደገሰው ድግስ ላይ ከሁሉ አብልጬ ያጨበጨብሁት እኔ ነኝ።

መድረክ መሪው ዶክተሩ ምን እንዳጠኑ በመዘርዘር ጊዜ አላባከነም። «ጥናቶቻቸው በምሁራን ጽሑፎች 2,140 ጊዜ ተጠቅሰዋል፤ ኤች ኢንዴክሳቸው 24 ነው!» አለ። ድንኳኑ በእልልታ ተናወጠ። 24 ምን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም፤ ከ23 እንደሚበልጥ ግን ሁላችንም እናውቃለን።

ኤች ኢንዴክስ የሚባለውን የተመራማሪዎች ሚዛን እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣው ሆርሄ ሂርሽ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ነው። 24 ማለት 24 ጽሑፎች እያንዳንዳቸው ቢያንስ 24 ጊዜ ተጠቅሰዋል ማለት ነው። በዕድሜው አንዲት ጽሑፍ ብቻ የጻፈ ሰው፣ ያቺው 10,000 ጊዜ ብትጠቀስለት እንኳ፣ ከ1 አያልፍም። ደግ አደረጉት! አንድ ነገር አግኝቶ ቁጭ ይባላል?

የሚያሳዝነኝ ሄርማን ሽታውዲንገር ነው። ይህ ጀርመናዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1920 የጎማና የመሳሰሉት ነገሮች ሞለኪውል እንደ ሰንሰለት እየተቀጣጠለ የሚረዝም ግዙፍ ነገር ነው ብሎ ጻፈ። ዛሬ ፖሊመር የምንለው ይኸው ነው። የዘመኑ ሊቃውንት ግን ትንንሽ ሞለኪውሎች ተጠጋግተው ነው እንጂ ብለው ለዓመታት ሞገቱት። ኖቤል የተሸለመው በ1953፣ በ72 ዓመቱ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ቁጥሩን የሚያይበት ስልክ አልነበረውም፤ ማን ማንን እንደጠቀሰ የሚመዘግበው የሳይንስ ጥቅሶች ማውጫ እንኳ የወጣው በ1964 ነው። ሌሊት ምን እያየ እንደሚተኛ እንጃ።

ዶክተራችን ግን ዕድለኛ ናቸው። መጀመሪያ ራሳቸውን ይጠቅሳሉ፤ ሙሽሪትን ማን አመሰገናት ቢሉ እናቷ። ቀጥሎ ተማሪዎቻቸው ይጠቅሷቸዋል፤ የዘነጋ ተማሪ ካለ መመረቂያ ጽሑፉ «ዋቢው ሳሳ» ተብሎ ይመለስለታል። ከዚያ ባሕር ማዶ ያለ ወዳጃቸው እሳቸውን፣ እሳቸውም እርሱን። ክፉ ሰዎች ይህን እከክልኝ ልከክልህ ይሉታል። እኛ ገበሬዎች ግን ወንፈል እንለዋለን፤ ዛሬ ያንተን ጤፍ፣ ነገ የእኔን።

ድግሱን ሊያበላሹ የቃጣቸው የኔታ ብቻ ናቸው። ዋሸራ የተቀኙ አዛውንት ናቸው። በእርሳቸው ጉባኤ ቤትም ተማሪው ሲቆጥር ያድራል፤ የሚቆጥረው ግን ቅኔ ነው። የባልንጀራውን ይዞ ቢመጣ ያፍራል፤ የራሱንም የትናንቱን ዛሬ ቢደግም የሚሰማው የለም። በዚህ ሥርዓት ያደጉ ሰው ኤች ኢንዴክሳቸው ስንት ሊሆን ነው? እንግዲህ እኒህ የኔታ ከጋቢያቸው ውስጥ ብቅ ብለው፣

«ልጄ፣ ምን አገኘህ?» አሉ።

«2,140፣ የኔታ።»

«እርሱስ ይሁን። ምኑን?»

ድንኳኑ በሙሉ ዝም አሰኛቸው። እንዲህ ያለ ጥያቄ በእንግዳ ፊት ይጠየቃል?

ጓዳ ስገባ የዶክተሩ እናት የበቆሎ ማዳበሪያ በወፍራም መርፌ ይጠቅማሉ። ማዳበሪያ ስል ከረጢቱን ነው፤ ዩሪያው አልቆ ስሙን ለማደሪያው የተወለት። ያ ነጭ ከረጢት የተሸመነው ከፖሊፕሮፒሊን ክር ነው፤ ደንበኛ ፖሊመር፣ የልጃቸው እንጀራ። ፀሐይ ሲመታው የከረመ እንደሆነ ያ ሽታውዲንገር የተሟገተለት ሰንሰለት እየተበጠሰ፣ ክሩ በእጅ ሲነኩት እንደ ገለባ ይደቅቃል። በቆሎው በቀዳዳው ይንጠባጠባል፤ ዶሮዎቹ ከሥር ቆመው ይጠብቃሉ።

«እስቲ አንተ የተማርኸው፣ ይህ ነገር ለምን እንዲህ ይፈረፈራል?» አሏቸው፣ ዶክተሩ ጠላ ፍለጋ ብቅ ሲሉ።

«እማዬ፣ በእርሱ ላይ ሦስት ጽሑፍ አለኝ» አሉና የወደቀውን መርፌ አንሥተው አቀበሏቸው።

ከዚያ ስልካቸውን ይዘው ኔትወርክ ወደሚገኝበት ጉብታ ወጡ። ሲመሽ፣ የታጨደው ጤፍ ላይ ጥላ ሲያርፍ፣ «ጨመረ! አንድ ጨመረ!» የሚል ድምፅ ከላይ ተሰማ። እናታቸው ላሟ የወለደች መስሏቸው እልል አሉ።