ስለ ፍቅር መሪ ተዋናዩን ጠይቁት

የፍቅር ፊልም መሪ ተዋናይ ቃለ መጠይቅ ሲሰጥ እንደማየት የሚያረካ ነገር የለም። ወንበሩ ላይ ደላደል ይላል። ጥያቄው ሳያልቅ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ በረጅሙ ይተነፍሳል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይሄ ገጸ ባህሪ... እንዴት ልንገርሽ... እኔን ራሴን ነው» ይላል። ጋዜጠኛዋ እጇን ደረቷ ላይ ታደርጋለች። እኛም እንዲሁ።

እኔ የዚህ ልማድ ደጋፊ ነኝ፤ ያውም ቀንደኛ። ሌላው ባለሙያ ሥራውን ጨርሶ ዝም ብሎ ቤቱ ይገባል። የልብ ሐኪም አንድ ቀዶ ጥገና ስለሠራ «ልብ ምን እንደሆነ አሁን ገና ገባኝ» ብሎ ሳግ አይተናነቀውም። የፍቅር ተዋናይ ግን ሌላ ሰው የጻፈለትን ጥቂት ሳምንት ሸምድዶ በፍቅር ተመርቆ ይወጣል። ከዚህ የፈጠነ ትምህርት የት ይገኛል?

ትሕትናውስ! ዳይሬክተሩ ስክሪፕቱን ሲልክለት መጀመሪያ እምቢ ብሎ ነበር። ሁሉም መጀመሪያ እምቢ ብለዋል። «ኃላፊነቱ ከበደኝ» ይላል። «ሥራ ፈትቼ ነበር፤ ስልኩ ሁለቴ ሳይጠራ አነሳሁት» የሚል ስድ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ቀጥሎ ዝግጅቱ ይመጣል። ስልኩን ዘግቶ፣ ከሰው ተገልሎ፣ «ወደ ውስጡ ገብቷል»። ገጸ ባህሪው አርክቴክት ነው። የፍቅር ፊልም ወንድ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ አርክቴክት መሆን ይወዳል። ፊልሙ አልቆ መብራት እስኪበራ ግን አንዲት መስመር ሲያሰምር አላየነውም። ዋና ሥራው ዝናብ ውስጥ መሮጥ ነው።

ወደ ታላቁ ትዕይንት እንምጣ። «ዓይኖቿን ሳያቸው ካሜራ መኖሩን ረሳሁ፤ ዓለም ሁሉ ጠፋብኝ» ያለበትን ማለቴ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ክሎዝ አፕ፣ ማለትም ፊትን ብቻ በቅርበት የሚያሳይ ሾት፣ እንዴት እንደሚቀረጽ ለማያውቅ ልንገር።

መጀመሪያ አንድ ሰው ሜትር ይዞ ከተዋናዩ ፊት እስከ ሌንሱ ያለውን ርቀት ይለካል። ፊቱ ከተለካው ትንሽ ካለፈ ፍቅሩ ይደበዝዛል። ከሌንሱ ጎን ብጣሽ ፕላስተር ይለጠፋል። ያቺ ብጣሽ የሴትየዋ ዓይን ናት። ተዋናይቷ ደግ ከሆነች ከካሜራው አጠገብ ቆማ ታግዘዋለች። አንዳንዴ ግን የራሷን ድርሻ ጨርሳ፣ ሜካፗን አጥባ ሄዳለች። በእሷ ፈንታ አንድ ረዳት ወረቀቱ ላይ አፍጥጦ፣ ቅዝዝ ባለ ድምፅ፣ «ያላንተ መኖር አልችልም። ታለቅሳለች። ትሄዳለች» ብሎ ያነብለታል። ከአናቱ በላይ ማይክሮፎን ተንጠልጥሏል። አንጸባራቂ የያዘው ልጅ ክንዱ ዝሎ ይንቀጠቀጣል። ዝናቡ ከቱቦ ነው፤ እሱም ከኋላው መብራት ካልተደረገበት ካሜራ ላይ በቅጡ አይታይም። እንባ ካስቸገረ ዓይን ሥር የሚቀባ ሜንቶል አለ። በስንት መከራ እንባው ሊመጣ ሲል «ከት!» ይባላል። ለካ ባለፈው ሾት የሸሚዙ ሁለተኛ ቁልፍ ተቆልፎ ነበር።

ዓለም ሁሉ ጠፋብኝ ማለት እንግዲህ ይሄ ነው። ዓለም ሁሉ እዚያው ነበር፤ ያውም እራቱ ዘግይቶበት።

መሳሳሙማ የባሰ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ በትልልቅ ፊልሞችና ተከታታይ ድራማዎች ላይ ለእንዲህ ያለ ትዕይንት አስተባባሪ መቅጠር እየተለመደ መጥቷል። «ግራ እጅህ ትከሻዋ ላይ፣ እስከ አራት ቁጠር፣ አሁን ቀና በል» እየተባለ እንደ ዳንስ እርምጃ ይጠናል። ጥሩ ሥርዓት ነው፤ ይሄንንስ ከልቤ ነው የምለው፣ ተዋንያኑን ከብዙ ነገር ይጠብቃል። ቃለ መጠይቁ ላይ ግን፣ «ምንም አልተዘጋጀንበትም፤ እንዲሁ በተፈጥሮ መጣ» ይባላል። ይሁን። እስከ አራት መቁጠርም ተፈጥሮ ነው።

የድሮዎቹ ያሳዝኑኛል። እ.ኤ.አ. በ1942 ካዛብላንካ የተባለው የፍቅር ፊልም ሲቀረጽ ስክሪፕቱ ገና እየተጻፈ ነበር። ኢንግሪድ በርግማን የምትተውናት ሴት ከሁለቱ ወንዶች የትኛውን እንደምታፈቅር በወጉ አልተነገራትም። ወንዱ መሪ ተዋናይ ሃምፍሪ ቦጋርት ደግሞ በቁመት ትበልጠው ስለነበር ጫማው ከፍ ተደርጎለት ነው አጠገቧ የቆመው። ምስኪኖች! አንዷ ማንን እንደምትወድ አታውቅም፣ አንዱ ተረከዙ ተሰቅሏል። ሰው ግን ይኸው ከ80 ዓመት በላይ ያለቅስላቸዋል። የዛሬ ጋዜጠኛ ቢይዛቸው ኖሮ በኬሚስትሪ ይወድቁ ነበር።

ከእነሱም በፊት ሌቭ ኩሌሾቭ የሚባል የሩሲያ ዳይሬክተር አንድ ነገር ሞክሮ ነበር። የአንድ ተዋናይን ያንኑ ፊት ወሰደ። አንዴ ከሾርባ ሳህን፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን፣ አንዴ ከቆንጆ ሴት ጋር ቀጠለው። ተመልካቹ ሦስት የተለያየ ስሜት አየሁ አለ፤ ረሃብ፣ ሐዘን፣ ምኞት። ፊቱ ግን ያው ፊት ነው። ፍቅሩን የሠራው መቀስ ነው ማለት ነው። መቀሱን የያዘው ኤዲተር ታዲያ ቃለ መጠይቅ ላይ ተጋብዞ አያውቅም። ትክክል ነው። ጨለማ ክፍል ውስጥ ሲቆርጥና ሲቀጥል የሚውል ሰው ስለ ፍቅር ምን ያውቃል?

ጥበቡ የሚታየው ጋዜጠኛዋ ወደምትፈልገው ስትመጣ ነው። «ከካሜራ ጀርባስ?» ትለዋለች። እሱ ይሽኮረመማል። መሬት መሬት ያያል። «እሷ እኮ ለእኔ እህቴ ናት» ይላል። ፖስተሩ ላይ ከንፈር ለከንፈር የተጠጋችው ሴት እህቱ ሆና ታርፈዋለች። ፈገግታው ግን አዎ አይደለም፣ አይደለም አይደለም። ትኬቱ ገና ተሽጦ አላለቀማ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ተመልካቹ ከቀነሰ፣ እህትየው አንገቱ ሥር ተወሽቃ የተነሳችው ፎቶ ከየት መጣ ሳይባል ብቅ ይላል።

በመጨረሻ የምወደው ጥያቄ ይመጣል። «ለወጣት ጥንዶች ምን ትመክራለህ?» ሦስቴ አግብቶ ሦስቴ የፈታ ቢሆንም ይጠየቃል፤ እንዲያውም ልምድ አለው። ትንሽ ያስባል። «ፍቅር መጠበቅ ሳይሆን መድረስ ነው» ይላል። አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋል። ዓረፍተ ነገሩ የፊልሙ ነው፤ ዝናቡ ውስጥ ሲሮጥ ያለው። የጻፈው ልጅ ከመድረኩ ጫፍ፣ ማይክ ያልደረሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ እሱም ያጨበጭባል።

እኛ ደግሞ ምክሩን ይዘን ቤት እንገባለን። ሚስት ባሏን ገልመጥ አድርጋ፣ «አንተ ለምንድነው እንደሱ የማታየኝ?» ትላለች። ሰውየው ምን ይበል? ጸሐፊ የለው፣ መብራት የሚያበራለት የለው። ክፉ ቃል ካመለጠው ደግሞ «ከት፣ እንደገና!» የሚልለት የለም። የተናገረው ሁሉ በመጀመሪያው ቀረጻ ይጸድቃል።

የምወደው ተዋናይ አሁን አዲስ ፊልም ጀምሯል አሉ። የባንክ ዘራፊ ሆኖ ነው የሚተውነው። ስልኩን ዘግቷል፣ ከሰው ተገልሏል፣ ወደ ውስጡ እየገባ ነው። ቃለ መጠይቁን በጉጉት እየጠበቅሁ ነው። «ይሄ ገጸ ባህሪ እኔን ራሴን ነው» ሲል ጋዜጠኛዋ እጇን ደረቷ ላይ ታደርግ ይሆን፣ ቦርሳዋ ላይ?