ክንፍ አለው ብላችሁ አትቁረጡ

ወገኖቼ፣ ደን ስንቆርጥ ሕሊናችንን የምናባብልባት አንዲት አባባል አለችን፤ «ወፉ እንደሆነ ክንፍ አለው፣ ሌላ ዛፍ ላይ ያርፋል።» ከገበሬም ከከተሜም አፍ ሰምቻታለሁ። ሐሰት ናት። ደጃችን ላይ የሚውሉት ቁራና ርግብ ናቸው ያታለሉን፤ እነሱ ሰው ባለበት ሁሉ ይኖራሉ። ብዙ የደን ወፍ ግን የሚበላው፣ የሚደበቅበትና ጎጆ የሚሠራበት ሁሉ ከአንድ ዓይነት ደን ጋር የተቆራኘ ነው።

በአረሮና በነጌሌ ቦረና አካባቢ የሚኖረውን፣ የሩስፖሊ ቱራኮ የሚባለውን ወፍ ተመልከቱ። ከደቡብ ኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም የለም። ገላው አረንጓዴ፣ አናቱ ላይ የቆመው ላባ ነጣ ያለ፣ ክንፉን ሲዘረጋ ደግሞ ደማቅ ቀይ ነው፤ ያን ቅላት የሚሰጠው መዳብ ያለበት ቀለም ነው። በስሙ የሚጠራበት ጣሊያናዊው ልዑል ሩስፖሊ በ1893 እ.ኤ.አ. እዚሁ አገራችን ዝሆን ገደለው። ከሞተ በኋላ የወፉ ናሙና ከዕቃው መካከል ተገኘ፣ የት እንደተያዘ ግን የተጻፈ ነገር አልነበረም፤ መኖሪያው ለአሥርተ ዓመታት ሳይታወቅ ቀረ። ጽድና ዝግባ ካለበት ደን፣ ከጅረት ዳር ሾላ ብዙ ስለማይርቅ በዘፈቀደ የሚገኝ ወፍ አይደለም።

የቱራኮ ወገን ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ እየዘለለና እየሮጠ የሚኖር ነው፤ ረጅም በረራ አይሆንለትም። በሁለት ደን መካከል ያለውን ዛፍ መንጥራችሁ እርሻ ስታደርጉት ክንፉ ምን ይጠቅመዋል? ሌላም አደጋ አለ። ጉንጨ ነጩ ቱራኮ፣ አዲስ አበባ ግቢዎች ውስጥ ሳይቀር የምናየው፣ ብዙ ቦታ የሚስማማው ወፍ ነው። ደኑ ሲሳሳ ወደ ሩስፖሊ ቱራኮ ሠፈር እየገባ ይሻማዋል፤ ዲቃላዎቻቸውም ታይተዋል።

«በየክረምቱ ችግኝ እንተክል የለ?» ትሉኝ ይሆናል። መትከላችሁ መልካም ነው። ነገር ግን በአፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ለዚህ ወፍ ፍሬ አይሰጠውም፣ ሺህ ችግኝም የአንዲት ያረጀች ሾላን ያህል አያበላውም። ቱራኮው ፍሬውን ውጦ ዘሩን ሌላ ቦታ ይጥላል፤ ደኑን መልሶ የሚተክለው እሱ ነው። ተካዩን አባርረን እኛ በአካፋ ልንተካው ነውን?

የከፋና የጅማ ቡና አልሚዎች ሆይ፣ ለእናንተም ቃል አለኝ። ትልልቁን ጥላ ዛፍ ማስቀረታችሁ ያስመሰግናችኋል፤ ብዙ ወፍም ያርፍበታል። ከሥሩ ያለውን ቁጥቋጦ ስትመነጥሩ ግን ከቅጠልና ከጉቶ ሥር ነፍሳት እየለቀሙ የሚኖሩት ወፎች ይጎዳሉ። ቡና ማሳችሁ በወፍ ድምፅ ስለተሞላ የጠፋ የለም አትበሉ፤ የሚጮኸው ሌላው ነው። ከማሳው አጠገብ ያልተነካ ደን ይቅር።

በከተማ ያለነውም ንጹሓን አይደለንም። የምንገዛው ከሰል፣ ለአጥር የምናቆመው የጽድ ግንድ ከየት እንደመጣ ጠይቀን እናውቃለን? ሻጩን ጠይቁ። ከደን የወጣ ጽድ ከሆነ አትግዙ። እናንተም የደኑ ባለቤቶች፣ ጅረት ዳር ያለችውን ሾላ ማሳ ለማስፋት ብላችሁ አትጣሏት፣ በደኖች መካከል የቀረውንም የዛፍ መስመር አትበጥሱት።