የቤት ባለቤት «ለራሱ የሚከፍለው» ኪራይ ከግሽበት ስሌት ይውጣ ወይስ ይቆይ?

ይውጣ ባይ፦ የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ በየወሩ ከሚያወጣው የሸማቾች ዋጋ መለኪያ ሩብ ያህሉ ማንም ከኪሱ የማያወጣው ገንዘብ ነው። በገዛ ቤቱ የሚኖር ሰው ቤቱን ተከራይቶት ቢሆን ይከፍለው ነበር የሚባል ኪራይ! እ.ኤ.አ. በ2021 300,000 ዶላር በ3 በመቶ ወለድ ለ30 ዓመት የተበደረ ሰው ክፍያው ዋናውና ወለዱ ተደምሮ በወር 1,265 ዶላር ነው፤ ንቅንቅ አይልም። መለኪያው ግን በሴፕቴምበር 2023 መጠለያ በዓመት 7.2 በመቶ ተወደደ አለን። በማን ላይ? ቁጥሩስ ከየት መጣ? ለባለቤቱ ይደወልና «ቤትህ ዛሬ ቢከራይ ስንት ያወጣል?» ይባላል፤ እሱም አፉ ላይ የመጣለትን ይጠራል። የኑሮ ውድነት በምኞት አይለካም።

ይቆይ ባይ፦ «ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» ይባላል፣ ወንድሜ። ያ ጥያቄ የሚቀርበው በቤተሰብ ወጪ ጥናት ላይ ነው፤ መልሱም የሚያገለግለው ዘርፉ በመለኪያው ውስጥ የሚይዘውን ድርሻ ለመመደብ ብቻ ነው። የዋጋው ለውጥ የሚመጣው ከእውነተኛ ተከራዮች ነው። ናሙናው ለስድስት ተከፍሎ እያንዳንዱ ቤት በየስድስት ወሩ ይጠየቃል። ኪራዩ በስድስት ወር ከ1,500 ወደ 1,590 ዶላር ካደገ 6 በመቶ ነው፤ ወደ ወር ለመመለስ የ1.06 ስድስተኛ ሥር ሲወሰድ በወር 0.98 በመቶ ግድም ይሆናል። ቤቱ በማርጀቱ የሚቀንሰው ዋጋም ይታሰብለታል። ከዚያ የባለቤቶችን ቤትና ሰፈር የሚመስሉት ኪራዮች ከፍ ያለ ክብደት ይሰጣቸዋል። ምኞቱ የቱ ጋ ነው?

ከ1983 በፊት የቤት ዋጋና የሞርጌጅ (የቤት መግዣ ብድር) ወለድ በቀጥታ ይገቡ ነበር። በ1981 ወለዱ ከ18 በመቶ ሲያልፍ ጉዱ ታየ፦ ግሽበቱን ለማብረድ ወለድ ሲጨመር፣ ያው ወለድ ተመልሶ ግሽበት ሆኖ ይቆጠራል። ወደዚያ እንመለስ?

ይውጣ ባይ፦ ወለድ ይግባ የሚል ቃል አልጻፍኩም፣ እህቴ፤ ላልተባለ ነገር መልስ መስጠት ይቀናዎታል። ናሙናው ውስጥ ያለው ተከራይ አብዛኛው በቆየ ውል የሚኖር ነው። አዲስ ገቢ የሚከፍለው ኪራይ ቢረግብ መለኪያው የሚሰማው ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው። የባሰው ደግሞ ይኸው፦ ባለቤቱ በእርግጥ የሚከፍላቸው የቤት ግብርና የሕንጻው ኢንሹራንስ በቀጥታ አይገቡም፤ ከኢንሹራንሱ የሚቆጠረው የቤት ዕቃው ድርሻ ብቻ ነው። የማይከፈለው ተቆጥሮ የሚከፈለው ቀረ። ሞርጌጁን ከፍሎ የጨረሰ የሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ጡረተኛ ይህን ምን ብለው ያስረዱታል?

ይቆይ ባይ፦ ለባለቤቱ ይደወላል ያሉት ስልክ የት ደረሰ? ትንፍሽ አላሉም። ግብሩን አከራዩ ኪራዩ ላይ ይጭነዋል፤ በዚያ በር ይገባል።

ጡረተኛውን ካነሱማ እንቁጠር። የሶሻል ሴኩሪቲ (የመንግሥት ጡረታ) ጭማሪ የሚሰላው በዚሁ መለኪያ ታናሽ ወንድም፣ በደመወዝተኞች መለኪያ ነው፦ የጁላይ እስከ ሴፕቴምበር አማካይ ከአምናው ጋር ተነጻጽሮ። ለ2024 የወጣው ጭማሪ 3.2 በመቶ ነበር። በሴፕቴምበር 2023 ዋናው መለኪያ 3.7 አሳየ። የርስዎን ሩብ በ7.2 ያባዙት፤ 1.8 ነው። ከ3.7 ሲቀነስ 1.9 ይቀራል፣ ለቀሪው 0.75 ሲካፈል ኪራዩ የወጣለት ግሽበት 2.5 ግድም ነው። «ይውጣ» ያሉት ከዚያ ሽማግሌ ቼክ ላይ ነው።

ይውጣ ባይ፦ ሽማግሌውን መያዣ አደረጉት! ቼኩ ያደገው በስሌት ስህተት ከሆነ፣ በሌላ ዓመት ያው ስህተት ይጎዳዋል፤ ኪራይ ረግቦ ግብርና ኢንሹራንሱ ሲንር። እኔ የምለው ለጡረታ የራሱ መለኪያ ይኑረው ነው። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ፣ ፌዴራል ሪዘርቭ፣ ራሱ 2 በመቶ የሚለውን ግቡን የሚለካው በሌላ መለኪያ ነው፤ እዚያ የዚህ ኪራይ ድርሻ እዚህ ካለው ግማሽ አካባቢ ነው። ለባንኩ የበዛ ለአያቶቻችን እንዴት በቃ?

ይቆይ ባይ፦ እዚያም መለኪያ ውስጥ ይኸው ግምታዊ ኪራይ አለ፤ የዋጋ ለውጡም የሚቀዳው ከዚሁ ናሙና ነው። «ይውጣ» ብለው ጀመሩ፣ «ይነስ» ላይ ደረሱ፣ አሁን ደግሞ ሌላ መለኪያ ይሠራ ሆነ። ይሠራ፤ ጠብ የለኝም። ስልኩን ማን እንደሚደውል ግን አሁንም አልነገሩኝም።